የጉድጓድ ውሃችን ውስጥ ስንት ናይትሬት አለ? ከሰፈሩ ሽንት ቤት ተነስተን በካልኩሌተር የምንገምትበት መንገድ

ባለፈው ክረምት ግቢያችን የተከራየች አንዲት ልጅ እግር እናት ለ4 ወር ልጇ ዱቄት ወተት ስትበጠብጥ አየኋት። ውሃው ከግቢው ጉድጓድ የተቀዳ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ሽታ የለው ጣዕም የለው፣ እሷ ደግሞ ጠንቃቃ ስለሆነች ሩብ ሰዓት ሙሉ አፍልታዋለች። ጀርም ቢሆን ኖሮ ጨርሳዋለች። ናይትሬትን ግን፣ ከሽንት ቤትና ከማዳበሪያ የሚመጣውን ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የናይትሮጅን ውህድ፣ ማፍላት አይነካውም፣ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ውሃ አጋርም ክሎሪንም አያወጡትም፣ የአሸዋ ፊልተርም እንደዛው። በነጋታው የናይትሬት መለኪያ ስትሪፕ አምጥቼ ነከርኩት፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሮዝ መሆን ጀመረ፣ ከዛ ደመቀ፣ በካርዱ ላይ በ50 እና በ100 መሀል ቆመ። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከ6 ወር በታች ያለ ህፃን ከዛ በላይ ሲጠጣ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ሊቀንስ ይችላል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል ወይ ሰማያዊ ይላል፣ ይሄ ነገር በህክምናው ዓለም ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው።

ከዛ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ "ይሄ ነገር ከየት መጣ፣ ሰፈሩ ሲሞላስ ወዴት ይሄዳል" ብዬ ማስላት የጀመርኩት። ጎንደር ላይ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በአዘዞ መስመርም በማራኪም በኩል ብዙ ግቢ ጉድጓድ አለው፣ እዛው ግቢ ውስጥ ደግሞ ሽንት ቤት አለ፣ ስለዚህ ይሄ የሁላችንም ጉዳይ ነው። የሚያስፈልጋችሁ እስክሪብቶ፣ ካልኩሌተር፣ ረጅም ገመድ፣ ከተቻለ ደግሞ አንድ የላብራቶሪ ምርመራ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ሰው ሁሉ የሚለኝ "የኔ ጉድጓድ ከሽንት ቤቱ 30 ሜትር ይርቃል እኮ" ነው። 30 ሜትሩ ለባክቴሪያ ጥሩ ነው፣ ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ይጣራል፣ ይሞታል። ናይትሬት ግን ህይወት የለውም፣ አይሞትም፣ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሟሟ ነው፣ የሸክላ አፈር ቅንጣትም ናይትሬቱም ሁለቱም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለሆኑ አፈሩ አይዘውም። ውሃው በሄደበት አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለናይትሬት ዋናው ጥያቄ ከጉድጓዳችሁ በላይ በኩል ባለው መሬት ላይ በሄክታር ስንት ሰው ይኖራል የሚለው ነው።

ሽንት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሆንም በአጭሩ። የምንበላው ፕሮቲን ውስጥ ናይትሮጅን አለ፣ ከሰውነታችን ሲወጣ አብዛኛው፣ 80 በመቶ አካባቢ፣ በሽንት ነው። ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ አየር ስለሌለ አሞኒየም ሆኖ ይቆያል፣ ከማስረጊያው፣ ማለትም ፈሳሹ ወደ አፈር ከሚሰርግበት ጉድጓድ፣ ወጥቶ አየር ያለው አፈር ሲያገኝ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ታንኩ ራሱ የሚያስቀረው ትንሽ ነው፣ ደለሉ ላይ የሚቀረው ብቻ። የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ጠርቶ ማስመጠጥም ለዚህ ብዙ አይረዳም፣ ምክንያቱም ናይትሮጅኑ ከፈሳሹ ጋር ቀድሞ ሰርጎ ሄዷል።

አንደኛ፣ ውሃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ እወቁ

መሬቱ ወደሚያዘቀዝቅበት ይሄዳል ብሎ መገመት ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፣ የኛ ሰፈር ወደ ወንዙ ነው የሚያዘቀዝቀው፣ የከርሰ ምድሩ ውሃም እንደዛው። ግን እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ሦስት ጉድጓድ ምረጡ፣ በአንድ መስመር ላይ የማይሆኑ፣ ሦስት ማዕዘን የሚሰሩ። ጎረቤት አስፈቅዱ፣ ሲነግሩት ደስ ይለዋል እንጂ እምቢ የሚል የለም። ጠዋት በ11 ሰዓት ገደማ፣ ማንም ውሃ ሳይቀዳ ተነሱ፣ ምክንያቱም ሁለት ጀሪካን ከተቀዳ በኋላ ደረጃው ወርዶ ያሳስታችኋል። ገመዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ብረት እሰሩ፣ የመጨረሻውን አንድ ሜትር ጠመኔ ቀቡት፣ ውሃ እስኪነካ አውርዱት፣ ስታወጡት ጠመኔው የረጠበበት ቦታ በግልፅ ይታያል። ከጉድጓዱ አፍ እስከዛ ያለውን ለኩ።

አሁን ደግሞ የሦስቱ ጉድጓድ አፍ አንዱ ካንዱ ስንት ከፍ ዝቅ እንደሚል ማወቅ አለባችሁ። የስልክ ጂፒኤስ ለከፍታ አይታመንም፣ ብዙ ሜትር ይሳሳታል። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልፅ ጎማ ግን ፍፁም ነው። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይይዛል፣ ውሃው ሁለቱም ጋ እኩል ይቆማል፣ ከዛ በሜትር መለካት ነው። ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ፣ እኔ የመጀመሪያውን ቀን ግማሽ ሜትር የተሳሳትኩት በአንዲት አረፋ ነው። ከአፉ ከፍታ ላይ የውሃውን ጥልቀት ስትቀንሱ የውሃውን ከፍታ ታገኛላችሁ፣ ውሃው ከፍ ካለበት ወደ ዝቅተኛው ነው የሚፈሰው።

አደራ፣ ለመለካት ብላችሁ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትወርዱ፣ ሽንት ቤትማ ጨርሶ። ጋዙ ሰው ይገድላል፣ አንዱን ሊያወጣ የገባውንም ይደግማል።

ሁለተኛ፣ ከላይ በኩል ያለውን ሰው ቁጠሩ

ከጉድጓዳችሁ ሽቅብ 100 ሜትር በ100 ሜትር፣ ማለትም 1 ሄክታር አስቡ። እዛ ውስጥ ያለውን ሰው ቁጠሩ፣ ቤት ሳይሆን ሰው። አንድ ግቢ ውስጥ ከኋላ በኩል አራት የሰርቪስ ክፍል ተከራይ ሊኖር ይችላል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያከራይም አለ፣ እሱ ሁሉ ይቆጠራል። እኛ ጋ ሰፈሩ ገና ዳር ስለሆነ ባዶ ቦታና የበቆሎ ማሳ አለ፣ 9 ግቢ ውስጥ 60 ሰው አገኘሁ።

ሦስተኛ፣ ናይትሮጅኑን አስሉ

ፕሮቲንን ለ6.25 ስታካፍሉ ናይትሮጅን ይመጣል። በቀን 50 ግራም ፕሮቲን የሚበላ ሰው 8 ግራም ናይትሮጅን ያስወጣል፣ እንጀራ በሽሮ፣ አልፎ አልፎ ሥጋና ወተት ለሚበላ ቤተሰብ ይሄ ምክንያታዊ ቁጥር ነው። ብዙ ሥጋ የሚበላ ቤት ከሆነ 10 ወይ 11 አድርጉት። 8 በ365 ሲባዛ በዓመት 2.9 ኪሎ፣ 3 ኪሎ እንበለው። 60 ሰው በ3 ኪሎ፣ 180 ኪሎ። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ነው ያለው፣ ስለዚህ በየዓመቱ ወደ 4 ኩንታል ዩሪያ አንድ ሄክታር ላይ፣ ያውም ከሰብሉ ሥር በታች፣ እየቀበርን ነው ማለት ነው። ይሄን ሲያዩ ነው ገበሬ የሆኑ ዘመዶቼ የገባቸው።

ሁሉም ግን ውሃው ጋ አይደርስም። ደለል ውስጥ ቀርቶ፣ በጋዝ መልክ ተኖ የሚጠፋውን 20 በመቶ አድርጉት። ከቀረው ላይ ደግሞ አፈር ውስጥ አየር በሌለበት ቦታ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ተራ ናይትሮጅን ጋዝ ይመልሱታል፣ ዲናይትሪፊኬሽን ይሉታል። ይሄ ነው ከሁሉም ቁጥር አስቸጋሪው። አሸዋማና ጠጠራማ መሬት ላይ 10 በመቶ እንኳን ላይሞላ ይችላል፣ ውሃ የሚቋጥር ዋልካ መሬት ላይ ከግማሽ በላይ ሊሄድ ይችላል። የኛ ሰፈር ከላይ ዋልካ፣ ከታች የበሰበሰ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ግን ብዙ ጊዜ ዋልካውን በስቶ ድንጋዩ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ የዋልካውን ጥቅም አናገኘውም። ለጀማሪ 40 በመቶ ይጠፋል ብዬ ጀመርኩ።

180 በ0.8 በ0.6፣ 86 ኪሎ። ይሄ ነው ውሃው ጋ የሚደርሰው።

አራተኛ፣ የሚያቀጥነውን ውሃ አስሉ

ሁለት ውሃ አለ፣ ከዝናብ የሚሰርገውና ከቤት የሚወርደው። ጎንደር ላይ በዓመት 1100 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ግን ይሄ ሁሉ አይሰርግም፣ ተዳፋት ስለሆነ ወንዝ ይወስደዋል፣ ይተናል፣ እፅዋት ይጠጡታል። 10 በመቶ ይሰርጋል እንበል፣ 110 ሚሊሜትር። አንድ ሚሊሜትር አንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ስለሆነ 1100 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሰፈሩ ቆርቆሮና ኮብልስቶን እየሆነ በሄደ ቁጥር ይሄ ቁጥር ይቀንሳል፣ ያ ደግሞ ማቅጠኛውን እየቀነስን ቆሻሻውን እየጨመርን ነው ማለት ነው።

ከቤት የሚወርደው፣ በሰው በቀን 25 ሊትር አድርጌዋለሁ፣ የእቃና የልብስ እጣቢ እኛ ጋ አብዛኛው ውጭ ቦይ ላይ ስለሚደፋ። ሁሉ ነገር ወደ ሴፕቲክ የሚገባበት ቤት ከሆነ ከፍ አድርጉት። 60 በ25 በ365፣ 547 ሜትር ኩብ። ድምር 1647።

አምስተኛ፣ አካፍሉ

86 ኪሎ ሲባዛ በ1000፣ ሲካፈል ለ1647፣ 52 ሚሊግራም በሊትር። ቆይ ግን፣ ይሄ ናይትሬት አይደለም፣ ናይትሮጅን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ወደ ናይትሬት ለመቀየር በ4.43 አባዙ፣ ቁጥሮቹን ሳላጠጋጋ ስሠራው 232 ይመጣል። የላብራቶሪ ውጤት ስትቀበሉም ጠይቁ፣ "ይሄ ናይትሬት ነው ወይስ ናይትሬት እንደ ናይትሮጅን?" በሉ። በናይትሬት ከሆነ ገደቡ 50 ነው፣ በናይትሮጅን ከሆነ 11 ገደማ። "20 ነው፣ ከ50 በታች ነው፣ ንፁህ ነው" ተብሎ ወረቀቱ ግን በናይትሮጅን የተፃፈ ሲሆን አይቻለሁ፣ ያ ማለት 89 ናይትሬት ነው፣ ሰዎቹ ለሁለት ዓመት ጠጥተውታል።

እንዲህ ያለው የማመዛዘን ስሌት አዲስ ነገር አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥ የቤት ቦታ ስፋት ለመወሰን ለብዙ ዓመት ሲጠቀሙበት የኖረ ነው። እኔ 232 ሲመጣልኝ ደነገጥኩ፣ ስትሪፑ ግን ከ100 በታች ነው ያለው። ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው? ለዚህ መልሱ ጨው ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ስድስተኛ፣ በክሎራይድ አስተካክሉት

የምንበላው ጨው ከግማሽ በላዩ ክሎራይድ ነው፣ 60 በመቶ ገደማ። በቀን 10 ግራም ጨው የሚበላ ሰው 6 ግራም ክሎራይድ ያስወጣል። ክሎራይድ ደግሞ እንደ ናይትሬት አፈር አይዘውም፣ ከናይትሬት የሚለየው ባክቴሪያም አይበላውም፣ በጋዝም አይወጣም። የገባው ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ ክሎራይድ ማቅጠኛው ውሃ በትክክል ስንት እንደሆነ ይናገራል፣ ምስክር ነው።

የኛን እንየው። 60 ሰው በ6 ግራም በ365፣ 131 ኪሎ። ለ1647 ሜትር ኩብ ሲካፈል 80 ሚሊግራም በሊትር መሆን ነበረበት። ናሙና ወስጄ ላብራቶሪ ሳስመረምር የጉድጓዳችን ክሎራይድ 42 ወጣ። ከሰፈሩ በላይ፣ ሰው የማይኖርበት ዳገት ላይ ያለው ምንጭ ደግሞ 8፣ ያ የተፈጥሮው ነው፣ ስቀንሰው 34 ይቀራል። 80 ጠብቄ 34 አገኘሁ፣ ማለትም እኔ ካሰብኩት ከእጥፍ በላይ ውሃ ነው እያቀጠነ ያለው። 1647 በ80 ሲባዛ ለ34 ሲካፈል 3875 ሜትር ኩብ። ምክንያቱ ገባኝ፣ ከዳገቱ በኩል በድንጋዩ ስንጥቅ እየመጣ የሚቀላቀል ንፁህ ውሃ አለ፣ እኔ ደግሞ የአንድ ሄክታር ዝናብ ብቻ ነበር የቆጠርኩት።

በዚህ ውሃ መጠን ናይትሬቱ 99 መሆን ነበረበት። ላብራቶሪው 80 አለኝ፣ የምንጩ 5 ሲቀነስ 75። 75 ለ99፣ 0.76። ስለዚህ አፈሩም ካሰብኩት በላይ እየሰራ ነው፣ 0.6 በ0.76 ሲባዛ የሚተርፈው 0.455 ገደማ ነው፣ ማለትም የሚጠፋው 40 ሳይሆን 55 በመቶ አካባቢ ነው። አሁን በእጄ ያለው የግምት ወረቀት ሳይሆን የኛን መሬት የሚያውቅ ስሌት ነው።

ግቢ ውስጥ ላምና በግ ካለ፣ አጠገብ ማሳ ላይ ዩሪያ የሚደረግ ከሆነ፣ ያም ናይትሬት ያመጣል። ናይትሬቱ ከፍ ብሎ ክሎራይዱ የምንጩን ያህል ዝቅ ያለ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ማዳበሪያው ይሂድ። የከብት በረት ግን ሁለቱንም ስለሚያመጣ በዚህ መንገድ ከሽንት ቤት አይለይም፣ በረቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ነው የምትወስኑት።

ናሙና አወሳሰድ ላይ

ሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል፣ የለስላሳ እንዳይሆን ብቻ። በዛው በጉድጓዱ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፣ በሳሙና አትጠቡት። እስከ አፉ ሙሉት፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላችሁ በረዶ ያለበት ነገር ውስጥ አስቀምጡት፣ ባክቴሪያ ናይትሬቱን መንገድ ላይ እንዳይበላው በ24 ሰዓት ውስጥ አድርሱ። ናይትሬት፣ አሞኒየምና ክሎራይድ ሦስቱንም ጠይቁ። አሞኒየሙን የምለው በምክንያት ነው፣ ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ በጣም ቀርቦ መሬቱ አየር ካጣ ናይትሬቱ ዜሮ ሊሆን ይችላል፣ አሞኒየሙ ግን ይጮሃል። "ናይትሬት የለም" ማለት ሁልጊዜ ንፁህ ነው ማለት አይሆንም።

አንድ ጊዜ መለካትም አይበቃም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ውሃው ሲያንስ አንድ፣ ሐምሌ ላይ አፈር ውስጥ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመው ሲታጠብ አንድ፣ ከተቻለ ጥቅምት ላይ ዝናቡ ካለፈ በኋላ አንድ። የሐምሌው ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል።

ሰባተኛ፣ ወደፊት አስሉ

ከላያችን ባዶ የነበሩት ሦስት ቦታዎች ላይ ቤት እየተጀመረ ነው፣ አንዱ ጂ ፕላስ ቱ ነው፣ ሲያልቁ 40 ሰው ይጨምራሉ ብዬ 100 ሰው አደረግሁት። ናይትሮጅን፣ 100 በ3 በ0.8 በ0.455፣ 109 ኪሎ። ውሃ፣ ከተስተካከለው 3875 ላይ የቤቱን 547 ስቀንስ 3328፣ ላዩ ላይ የ100 ሰው 912 ስጨምር 4240። አካፍሉ፣ በ4.43 አባዙ፣ 114፣ የምንጩን 5 ስጨምር 119። ዛሬ 80 የሆነው 119 ይሆናል ማለት ነው። ወደ ኋላ ሰርቼም አየሁት፣ ይሄ ሄክታር 50 ሳያልፍ መሸከም የሚችለው 34 ሰው ገደማ ነው። ያንን ያለፍነው ቆይቷል።

መቼ ይደርሳል ለሚለው፣ የበሰበሰ ድንጋይ ውስጥ ውሃ በቀን ከጥቂት ሴንቲሜትር እስከ ግማሽ ሜትር ሊሄድ ይችላል፣ ስንጥቅ ካገኘ ደግሞ በጣም ይፈጥናል። ስለዚህ አዲስ ቤት ተሠርቶ ጉድጓዳችሁ ላይ ለውጥ እስኪታይ ወራትም ዓመታትም ሊፈጅ ይችላል። "ዘንድሮ ደህና ነው" ብሎ መተው የማይሆነው ለዚህ ነው።

ምን ይደረግ

ቤታችሁ ከ6 ወር በታች ህፃን ካለ ዛሬውኑ የጉድጓድ ውሃ አቁሙለት። ጡት የሚጠባ ከሆነ በእናቱ ወተት የሚያልፈው ኢምንት ነው፣ አደጋው ወተት የሚበጠበጥበት ውሃ ነው። ነፍሰ ጡርም ብትቆጠብ ይሻላል። ጉድጓዱን መድፈን አያስፈልግም፣ ለልብስ፣ ለቤት ማጠቢያ፣ ለአትክልት ጥሩ ነው፣ ለጎመንና ለበቆሎማ ማዳበሪያ ነው። ናይትሬት የሚያወጣ ማጣሪያ ከፈለጋችሁ ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃውን በግፊት በጣም ረቂቅ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ፣ ወይም ለናይትሬት የተሠራ አዮን ኤክስቼንጅ፣ ማለትም ናይትሬቱን ይዞ በምትኩ ሌላ አዮን የሚለቅ፣ ቢሆን ነው፣ ሻጩ "ሁሉን ያጣራል" ካላችሁ ውሃው ሲገባና ሲወጣ በስትሪፕ ለኩ።

ሰፈር ደረጃ ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ሽንትን መለየት ነው። ከናይትሮጅኑ 80 በመቶው ሽንት ውስጥ ከሆነ፣ ግማሹ ሰው ሽንቱን ለብቻ አጠራቅሞ ለማሳ ቢያውለው 40 በመቶ ይቀንሳል፣ በስሌቱ ውስጥ አስገቡት፣ የኛ 80 ወደ 50 ይወርዳል። አዲስ የሚሠራ ሰው ደግሞ የማያፈስ ታንክ ቢገነባና ቢያስመጥጥ ወጪው ይበዛል እንጂ ይሠራል፣ ማስረጊያ ያለው ከሆነ ግን ለናይትሬት ልዩነት የለውም።

ተከራያችን አሁን ቧንቧ በሚመጣበት ቀን አንድ ቢጫ ጀሪካን ለብቻ ትሞላለች፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስራበታለች፣ የህፃኑ ነው፣ ሌላ ሰው አይነካውም። የጉድጓዱን ውጤትም በጠመኔ ክዳኑ ላይ ፅፈነዋል፣ ቀኑንና ቁጥሩን፣ ውሃ ሊቀዳ የመጣ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል፣ እስካሁን አራት ግቢ የራሳቸውን እንድለካላቸው ጠርተውኛል።